በሃይማኖት ስም የተፈጸመን ጥቃት ለልጆች እንንገር ወይስ ዝም እንበል?

የደሴ መምህር፦ 4ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ። ሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ ቀብር የወጡ ሙስሊሞች ተገደሉ፤ በዚያው ሰሞን ስልጤ ዞን ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። እንዲህ ያለ ነገር በተሰማ ቁጥር ትምህርት ቤት ዝም ይላል። ልጆቹ ግን ቪዲዮውን በታላላቆቻቸው ስልክ አይተው ነው ክፍል የሚገቡት። እኔ መንገር አለብን ባይ ነኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የኮምቦልቻ እናት፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። አብራት የምትቀመጠው ልጅ ሙስሊም ናት፤ አንድም ቀን ጉዳዬ ብላው አታውቅም። እርስዎ «ሙስሊሞች ተገደሉ» ብለው ሲጀምሩ የዚያን ቀን መለየት ትጀምራለች። የወሎ ልጅ አብሮነትን የሚማረው በዓይኑ እያየ ነው። ሰርግ ላይ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም እርድ ለየብቻ ሲሰናዳ ያያል። ለቅሶ ሲሆን ቅሬው (እድሩ) ሃይማኖት ሳይለይ ድንኳን ሲተክል ያያል። ከዚህ በላይ ምን ትምህርት አለ?

የወልድያ ታሪክ ተማሪ፦ እህቴ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ግን ወሎ ውስጥ ሁሌም እንዲህ አልነበረም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። እንደ ሸህ ጦልሃ ያሉት የእስልምና መምህራን ደግሞ እምቢ ብለው ታገሉ። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ቅርብ ነው፤ ልጆቻችን ግን ስሙን እንጂ የሆነውን አያውቁም። ዛሬ በአንድ ቤት አባት በክርስቲያን ስም፣ ልጅ በሙስሊም ስም ሲጠራ የምናየው ያ ሁሉ ግፍ ካለፈ በኋላ ነው። ሰዎች ለፍተው፣ ይቅር ተባብለው ያቆዩት ኑሮ ነው። ልፋቱን ያልሰማ ልጅ ለምን ሊጠብቀው እንደሚገባ በምን ያውቃል?

የከሚሴ አባት፦ ይነገር፤ ግን እንዴት? ኒውዚላንድ ውስጥ መጋቢት 2011 ክራይስትቸርች ከተማ ሁለት መስጊዶች ላይ 51 ሰው ተገደለ። የያኔዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን የገዳዩን ስም አልጠራም አሉ። ተማሪዎች ሃይማኖት ሳይለያቸው ወጥተው ከሟች ቤተሰቦች ጋር አዘኑ። ለልጅ ስንናገርም ስለ ገዳዩና ስለ ደሙ አንዘርዝር። ማን ተጎዳ፣ ማን ደረሰላቸው፣ እኛስ ምን እናድርግ፤ በዚህ እንጀምር።

የሐይቅ መምህርት፦ ሁላችሁም ስለ ሃይማኖት ብቻ እያወራችሁ ነው። እኔ ክፍል ከወለጋ የተፈናቀሉ ልጆች አሉ። የተባረሩት በብሔራቸው ነው። አንዱ ልጅ ከጎኑ ኦሮምኛ ሲወራ ፊቱ ይለዋወጣል። ያ የሚያወራው ልጅ ምን አጠፋ? ምንም። የሚያወራው የእናቱን ቋንቋ ነው። ለእነዚህ ሁለት ልጆች ዝም ማለት አልችልም። የተፈናቀለውን ልጅ ፊት አውጥቶ «የደረሰብህን ንገረን» ማለትም ነውር ነው፤ ሲደረግ አይቻለሁ፣ ልጁ ለሳምንታት አልተናገረም። እኔ ያደረግሁት ሁለቱን አንድ ቡድን ውስጥ አስገብቼ ለሚኒ ሚዲያ አብረው ዜና እንዲያዘጋጁ ነው። የተፈናቀለውን ልጅ ፍርሃቱ ገና አልለቀቀውም። አሁን ግን ደብተር ይዋዋሳሉ። ለብቻው ደግሞ «የጎዱህ ሰዎች ሌላ፣ ይህ ልጅ ሌላ» ብዬ በግልጽ ነግሬዋለሁ። ይህን ሳልለው ባልፍ ኖሮ አጠገቡ ስላስቀመጥኩት ብቻ አይገባውም ነበር።

የኮምቦልቻ እናት፦ ይሄ የመጨረሻው አሳስቦኛል። ልጄ እንዲህ ያለ ጓደኛ ቢኖራት እንድታውቅለት እፈልጋለሁ። ስለ ግድያ ክፍል ውስጥ ይወራ የሚለው ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ቢያንስ መጀመሪያ ወላጅ ይጠራ። ምን እንደምትነግሯቸው እንወቅ፤ ማታ ቤት ሲጠይቁን የምንመልሰው እኛ ነን።

የደሴ መምህር፦ እሱ ልክ ነዎት፣ ወላጅ ይጠራል። ዝምታውን ግን አልቀበልም። ባለፈው አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ እኛም ጋ ይመጣሉ?» ብሎ ጠይቆኛል። «ቁጭ በል፣ ወደ ትምህርታችን» ልለው አልችልም።

የኮምቦልቻ እናት፦ እንግዲያው ስብሰባውን ዓርብ እንዳታደርጉት፣ ጁምዓ ነው። እሁድ ጠዋትም ቅዳሴ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሁንና ሁሉም ወላጅ ይምጣ።