ጄኔራል ሳይንስን ብቻችሁን ነው የያዛችሁት?

ቲቸር7ሀ
ሰላም ቲቸሮች። እኔ የተመረቅኩት በፊዚክስ ነው፣ 7ኛ እና 8ኛ ፊዚክስ ብቻ ሳስተምር ኖሬ በ2015 አዲሱ ካሪኩለም ሲገባ ፊዚክስ ኬሚስትሪ ባዮሎጂ አንድ መፅሀፍ ሆኑና ጄኔራል ሳይንስ ያዝ ተባልኩ። ሞሽን፣ ፎርስ ምናምን ላይ ችግር የለብኝም፣ ሴል ላይ ግን ማታ አንብቤ ነው ጠዋት የምገባው። ትናንት አንዷ ልጅ "ቲቸር የሽንኩርት ሴል ክሎሮፕላስት ከሌለው ሽንኩርቱ ምግብ ከየት ያገኛል?" አለችኝ፣ ደወል ባይደወል ጉዴ ፈልቶ ነበር። ይባስ ብሎ የአይሲቲ መምህሯ ዝውውር ደርሷት ስለሄደች ዳይሬክተሩ እሱንም ለጊዜው ሸፍን እያለኝ ነው። እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ባዮ_ነኝ
ምግቡን የሚሰራው ላይ ያለው አረንጓዴ ቅጠል ነው፣ የምንበላው ራሱ ማከማቻ ነው በላት 😄
እኛ ጋ ከፊዚክሱ ልጅ ጋር ክፍል እንለዋወጣለን። መጀመሪያ አልሰራም ነበር፣ ምክንያቱም ሁለቱም ሴክሽን እኩል ሴል ላይ ሲደርስ እኔ ሁለት ቦታ መሆን አልችልም። አሁን 7ሀ ሴል ሲማር 7ለ ሞሽን ይማራል ከዛ እንገለብጣለን። ጣጣው የወረዳ የጋራ ፈተና መሀል ላይ ሲመጣ ነው፣ አንዱ ክፍል ያልተማረውን ይፈተናል፣ ስለዚህ ከፈተናው በፊት መገልበጣችሁን እርግጠኛ ሁኑ። ማርክ ሊስቱ ላይ የሚፈርመው ሴክሽኑን የያዘው ነው።

አንጋፋው
ወንድሜ "ለጊዜው" የምትለዋን ቃል አትመናት። እኛ ጋ አንድ የአማርኛ መምህር አርትን ለጊዜው ብሎ ይዞ ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ። በደብዳቤ ይሰጠኝ በል፣ እስከ መቼ እንደሆነም ይፃፍበት፣ ያኔ ዳይሬክተሩም ወረዳውን ሰው ላኩልኝ ብሎ መጨቅጨቅ ይጀምራል።

የ8ኛ_እናት
መምህር ይቅርታ ወላጅ ነኝ ጣልቃ ገባሁ። ልጄ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ነች፣ ደብተሯን ሳገላብጥ ፊዚክሱ ጋ እስከነምሳሌው ጥንቅቅ ብሎ ተፅፏል፣ ባዮሎጂው ጋ ስደርስ ግማሽ ገፅ እና "ከመፅሀፍ አንብቡ"። መምህራችሁ ምን ተመርቆ ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር፣ አሁን ገባኝ። ፈተናው ግን ሁሉንም ይጠይቃታል እኮ።

ቲቸር7ሀ
እናት እውነትሽን ነው፣ የኔ ተማሪዎች ደብተርም ከዛ አይሻልም። የባዮዋን ቲቸር ነገ በሻይ ሰዓት ይዣት ስለመለዋወጡ አወራታለሁ። አይሲቲውን ያለ ደብዳቤ አልነካም። ሽንኩርቱን ደግሞ ነገ መጀመሪያ ፔሬድ እመልሳለሁ፣ ከነቅጠሉ ገዝቼ ነው የምገባው።