የከዋክብት ክላስተር ዕድሜ ሲሰላ የቱን ቀይ ኮከብ ልመን?

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህታችሁ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ካይ ፐርሴይ የተባለውን የከዋክብት ክላስተር (አብረው የተወለዱ ከዋክብት ስብስብ) ይዣለሁ። ርቀቱ 7,500 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። በርከት ያሉ ቀይ ሱፐርጃየንቶች፣ ማለትም ሕይወታቸው ሊያልቅ የተቃረበ ግዙፍ ቀይ ከዋክብት አሉት። በጣም ደማቁን ይዤ ሳሰላ ክላስተሩ ወጣት ይሆናል። ደብዘዝ ያለውን ስይዝ ደግሞ በሚሊዮን ዓመታት ያረጃል። አብረው ከተወለዱ እንዴት ይለያያሉ? አማካሪዬ ጋ የምገባበት ቀን ደርሷል፣ እባካችሁ።

የኮምቦልቻው፦
አብሽሪ እህቴ። ደብዘዝ ያለውን ያዢ።

ከባድ ኮከብ ይበልጥ ይደምቃል፣ ነዳጁንም ቶሎ ይጨርሳል። የፀሐይን 15 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ 13 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይኖራል። 10 እጥፍ የሚከብደው 25 ሚሊዮን ገደማ። ስለዚህ ብርሃኑ ክብደቱን፣ ክብደቱ ዕድሜውን ይነግርሻል። ይህ የሚሠራው ግን ኮከቡ ብቻውን ከኖረ ነው። ከባድ ከዋክብት አብዛኞቹ ጥንድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ኦ ከሚባሉት ከባድ ከዋክብት ከ70 በመቶ በላይ ከጥንዳቸው ጋር ቁስ እንደሚለዋወጡ አሳይቷል። አንዳንዶቹ ጭራሽ ይዋሃዳሉ። ባለ 10 እጥፍ ሁለት ከዋክብት ቢዋሃዱ ብርሃናቸው ከዕድሜ እኩዮቻቸው በጣም ይበልጣል። ስሌትሽም ወጣት ይላቸዋል። ደብዛዛው ግን ብቻውን የኖረ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከጦሳ ሥር፦
እስማማለሁ። ግን መጀመሪያ ደብዛዛው የክላስተሩ አባል መሆኑን አረጋግጪ። ከፊት ለፊቱ የቆመ ተራ ቀይ ኮከብ ሊሆን ይችላል። የከዋክብትን ቦታና እንቅስቃሴ የለካው የጋያ ሳተላይት መረጃ በነጻ ይገኛል፤ ርቀቱና እንቅስቃሴው ከሌሎቹ ጋር ይገጥም እንደሆነ እዪ። ርቀቱን በ10 በመቶ ከሳትሽ ብርሃኑን በ20 በመቶ ገደማ ትስቺያለሽ። አቧራም ያደበዝዘዋል፣ ስለዚህ አቧራ ብዙም የማያግደው የኢንፍራሬድ ብርሃን ልኬት ይሻላል። በነገራችን ላይ ክላስተሩን በታኅሣሥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከደሴ በስተሰሜን በባይኖኩላር ታገኚዋለሽ። ደስ ይላል!

ጠያቂ፦
አላህ ይስጥልኝ። ሰማያዊዎቹን ብጠቀምስ? መጽሐፋችን ከዋናው ተርታ (በመሃላቸው ሃይድሮጅን እያነደዱ ከሚቆዩበት ዘመን) የሚወጡበትን ነጥብ ፈልጉ ይላል።

የኮምቦልቻው፦
እነሱም ጋ ያው ችግር አለ። የተዋሃዱት ሰማያዊ ሆነው ከነጥቡ በላይ ይቀራሉ፣ ክላስተሩንም ወጣት ያስመስሉታል። በቀይዎቹም በሰማያዊዎቹም አስሊና ልዩነቱን በግልጽ ጻፊው። ቀይዎቹ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ደብዛዛውም የተዋሃደ ሊሆን ስለሚችል አትመኪበት እልሽ ነበር። ካይ ፐርሴይ ላይ ግን በቂ አሉሽ።