ከቀላል ግጭት በኋላ ከመኪናዬ ሥር አረንጓዴ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ነገ ጠዋት ልነዳት እችላለሁ?

ጠያቂ፦
የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከሁለት ሰዓት በፊት ከፊቴ የነበረው መኪና በድንገት ሲቆም ፍሬን ብይዝም አልደረስኩም፤ ከኋላው ገጨሁት። የተጎዳ ሰው የለም፤ በእሱ መኪና ላይም ጭረት ብቻ ስላየን ስልክ ተለዋውጠን በሰላም ተለያየን። የእኔም ፓራውልት በአንድ በኩል ከመሰንጠቁ በቀር ደህና ይመስል ነበር። ቤት ደርሼ ካቆምኳት በኋላ ግን ከሥሯ አረንጓዴ ፈሳሽ ተጠራቅሞ አየሁ። ነገ ጠዋት እናቴን ለሐኪም ቀጠሮ ማድረስ አለብኝ። ውሃ ሞልቼ ብነዳት ምን ችግር አለው? የተጎዳው ፓራውልቱ ብቻ ስለሆነ ለመድን ድርጅቱ መናገር የሚያስፈልግም አይመስለኝም።

መላሽ 1፦
እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አለመጎዳቱ ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ይሙሉና ቀስ ብለው ይንዱ፤ እኔ በአንድ ወቅት እንዲሁ አድርጌ ብዙ ቀን ነድቻለሁ።

መላሽ 2፦
ስለ ፈሳሹ ሌሎች ይነግሩዎታል፤ እኔ ግን ስለ ምክንያቱ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል። ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ስለሚያልፍ፣ መኪናው ፍጥነቱን መቀነስ ሳይጀምር ያን ሁሉ ርቀት ይጨርሳል ማለት ነው። ከፊት ያለው መኪና አንድ ምልክት ካለፈ በኋላ እርስዎ እዚያው ለመድረስ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊወስድብዎ ይገባል። «በድንገት ቆመ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ እኛ ተጠግተን ስለነበር ነው። ይህን የምለው ልወቅስዎ ሳይሆን ነገ እናትዎን ይዘው ስለሚወጡ ነው።

መላሽ 3፣ የጋራዥ ባለሙያ፦
ሞተሩን አሁን አያስነሡ። መጀመሪያ ፈሳሹ ምን እንደሆነ እንወቅ፤ ምክንያቱም አረንጓዴ ሁሉ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የራዲያተር ፈሳሽ አይደለም። በብዙ መኪናዎች የመስታወት ማጠቢያ ውሃ መያዣው ከፊት ፓራውልት ጥግ በስተጀርባ ስለሚቀመጥ፣ እንዲህ ባለ ግጭት መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። ነጭ ወረቀት ወይም ካርቶን ከሥር ያስገቡና ጠብታው በትክክል ከየት ቦታ እንደሚወርድ ይዩ። ከጥግ በኩል ወርዶ እንደ ውሃ የቀጠነና የሳሙና ወይም የአልኮል ሽታ ያለው ከሆነ የማጠቢያው ነው፤ ነገም ሊነዷት ይችላሉ። ከመሐል ወርዶ በጣት ሲነካ የሚያሟልጭና ጣፋጭ የሚሸት ከሆነ ግን የራዲያተሩ ነው። በአፍዎ እንዳይቀምሱት አደራ። መርዝ ነው፤ ጣፋጭነቱ ሕፃናትንም እንስሳትንም ስለሚስብ ወለሉን በደንብ ያጥቡት። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ከፍተው በራዲያተሩ ፈሳሽ ተጠባባቂ መያዣ ላይ ካሉት የላይኛውና የታችኛው ምልክቶች አንጻር ፈሳሹ የት ጋ እንዳለ ይዩ። የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ አይክፈቱ፤ ውስጡ በግፊት የታመቀ ስለሆነ የፈላው ፈሳሽ ፊትዎ ላይ ይረጫል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፣ አሁን አየሁት። የሚወርደው ከመሐል ነው፣ ያሟልጫል፣ ሽታውም ጣፋጭ ነው። በመያዣው ውስጥ ያለው ከታችኛው ምልክት በታች ነው። ነገር ግን እየነዳሁ ስመጣ የሙቀት መለኪያው ከመካከል አላለፈም ነበር።

መላሽ 4፦
ታዲያ ሙቀቱ ካልጨመረ ውሃ ሞልቶ መንዳት ነው እንጂ ምን ያስጨንቃል? አጭር መንገድ ከሆነ ያደርስዎታል።

መላሽ 3፣ የጋራዥ ባለሙያ፦
ከዚህ ምክር ጋር አልስማማም። ሙቀቱን የሚለካው ሰንሰር በትክክል የሚያነበው በፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ሲቆይ ነው። ፈሳሹ አልቆ ሰንሰሩ በባዶ ከቀረ፣ ሞተሩ እየተቃጠለ መለኪያው ደህና ነው ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጋስኬትም ይበላል፤ በራዲያተር ጥገና ያልቅ የነበረው ነገር ሞተር እስከ ማውረድ ይደርሳል። የተሰነጠቀ ራዲያተር ሲሞቅና ግፊቱ ሲጨምር ስንጥቁ ይሰፋል እንጂ ባለበት አይቆይም። መኪናዋን በሌላ መኪና አስጭነው ወደ ጋራዥ ይውሰዱ፤ እናትዎን ደግሞ ነገ በሌላ መጓጓዣ ያድርሱ።

ጋራዥ ስትገባ ሦስት ነገር እንዲታይልዎ ይጠይቁ። ከራዲያተሩ ፊት ያለው የመኪናዋ የውስጥ አየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ኮንደንሰር መጀመሪያ የሚመታው ክፍል ነው፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ሲያመልጥ ወለል ላይ ምልክት ስለማይተው ብዙ ሰው የሚያውቀው የአየሩ ሙቀት ሲመጣ ነው። የኮፈኑ መቆለፊያም ከፊት ባለው ብረት ላይ የተሰካ በመሆኑ፣ ብረቱ ጥቂት ከተጣመመ በፍጥነት ስትሄዱ ኮፈኑ ተነሥቶ የፊት መስታወቱን ሊመታ ይችላል። በመጨረሻም ከፓራውልቱ ጀርባ ያለው ብረት ይፈተሽ፤ ፕላስቲኩ ተመልሶ ቅርጹን ሲይዝ ብረቱ ግን እንደ ተጣመመ ይቀራል።

መላሽ 5፣ በመድን ሥራ የቆየሁ፦
«ፓራውልቱ ብቻ ነው» ማለትዎ የተሳሳተ መሆኑን ፈሳሹ ራሱ አሳይቶዎታል። የዚያ ሰው መኪናም እንዲሁ ከጀርባ የተደበቀ ጉዳት ሊኖረው ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ ደውሎ ክፈለኝ ቢልዎ ያኔ መድን ድርጅቱን ማስታወስ የዘገየ ይሆናል። አብዛኛው የመድን ውል አደጋ በደረሰ ጊዜ ሳይዘገዩ ማሳወቅን ግዴታ ያደርጋል፤ ድርጅቱ ሳይፈቅድ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማመንን ወይም እከፍላለሁ ብሎ ቃል መግባትንም ይከለክላል። ማሳወቅ ገንዘብ መጠየቅ አይደለም፤ ነገሩን በመዝገብ ማስፈር ነው። ዛሬ ማታ ውልዎን አውጥተው ስለ ጊዜ ገደቡ የሚለውን ያንብቡ፤ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ መሆን አለመሆኑንም አብረው ያረጋግጡ። የመኪናዎን ጉዳት፣ ታርጋውንና ወለሉ ላይ ያለውን ፈሳሽ ከማጠብዎ በፊት ፎቶ ያንሡ። ለሌላኛው ሹፌርም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን የጠቀሰ አጭር መልእክት ይላኩለት፤ ስለ ጥፋት ግን አንዳች አይጻፉበት።

መላሽ 6፣ ነርስ፦
ሁላችሁም ስለ መኪናዋ ተናገራችሁ፤ እኔ ስለ ሹፌሩ ልጠይቅ። ወንድሜ፣ አንገትዎን እንዴት ነው? በዝቅተኛ ፍጥነት የደረሰ ግጭትም አንገትን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዛል፤ ሕመሙና መገተሩ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በማግሥቱ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። መጠነኛ ሕመም ከሆነ አንገትን አስሮ ከማስቀመጥ ይልቅ ቀስ እያሉ ማንቀሳቀሱ ይሻላል። ክንድዎ ከደነዘዘ ወይም ከደከመ፣ ራስ ምታት እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰዎ ወይም ግራ መጋባትና ከባድ እንቅልፍ ከተሰማዎ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ለዚያ ሰው መልእክት ሲልኩም ስለ ጤንነቱ ይጠይቁት።

መላሽ 1፦
እኔ የነዳሁት ከመያዣው ጫፍ ጥቂት ሲንጠባጠብ ነበር እንጂ ራዲያተሩ ተሰንጥቆ አልነበረም። የባለሙያውን ምክር ይከተሉ።

መላሽ 3፣ የጋራዥ ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ ካርቶኑን እስከ ጠዋት ከሥር ይተዉትና የረጠበውን ስፋት ይንገሩን፤ በዚያ ስንጥቁ ምን ያህል እንደሆነ መገመት እችላለሁ።