«ክላሹን ጣል!» እ.ኤ.አ. በ1943 ምን ይባል ነበር?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጓደኛዬ የፊልም የግርጌ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሶ «እስቲ እየው» ብሎ ሰጠኝ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1943 ጦርነት መሀል ነው። ተረት የተቀላቀለበት ነው፤ ሕፃናት ከዛፍ ጋር ያወራሉ፣ ጥላ ብቻውን ይሄዳል። መሣሪያዎቹ ግን ተረት አይደሉም። አንድ የጀርመን ወታደር ከግንድ ጀርባ ተንበርክኮ ይተኩሳል። በተኮሰ ቁጥር እጀታውን ያነሳል፣ ወደ ኋላ ይስባል፣ ቀለሁ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ መልሶ ገፍቶ ያቀባብላል። ቆጠርኩለት። አምስት ጊዜ ተኮሰ። ከዚያ አምስት ጥይት የተሰካበት ቀጭን ቆርቆሮ ከላይ አስገባና ጥይቶቹን በአውራ ጣቱ ቁልቁል ገፋቸው። ልክ ነው። ካር 98 የሚባለው ማውዘር፣ የዚያን ጊዜ የጀርመን እግረኛ ዋና ጠመንጃ፣ የሚጎርሰው አምስት ጥይት ነው።

ፊልሙን የሠሩት ሰዎች እንዲህ ተጠንቅቀው ሳለ ከሥር «ክላሹን ጣል!» የሚል ጽሑፍ መጣ። በጣም ከነከነኝ። ምን ልበለው? ማውዘር? ምንሽር? ወይስ ጠመንጃ ብዬ ልለፈው?

ምላሽ፦

ክላሽ በፍጹም አይሆንም። ክላሽንኮቭ «ኤኬ-47» በሚለው ስሙ ላይ ያለው 47 የተነደፈበት ዓመት ነው፤ የሶቪየት ጦር የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ጦርነቱ ካለቀ ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ተርጓሚው ያመለጠው ቃሉ በየዕለቱ ንግግራችን የሁሉም ጠመንጃ ስም ወደ መሆን ስለተጠጋ ይመስለኛል። ወታደሩ ጎበጥ ያለ ካዝና ያለው ጠመንጃ ይዞ ቢሆን ኖሮ ለዓይን ያሳስታል፤ ጀርመኖች በጦርነቱ መጨረሻ ላይ ያወጡት ሽቱርምገቬር 44 ከሩቅ ሲያዩት ክላሽ ይመስላል። አንተ የቆጠርከው ግን አምስት ነው፤ እሱ ሠላሳ ይጎርሳል።

ሌላ ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ምንሽርን ተዋት። እኔም ቃሏን እወዳታለሁ። ነገር ግን ምንሽር የኦስትሪያዊው መሐንዲስ የማንሊኸር ስም በእኛ አፍ ተለውጦ የመጣ ነው። የጠመንጃ ስሞቻችን ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሰናድር የሠሪው የስናይደር ስም ነው። ውጅግራ ደግሞ ከሁሉም ትገርመኛለች። ፈረንሳዮች «ፉዚል ግራ» ይሉታል፤ ፉዚል ጠመንጃ ማለት ነው፣ ግራ የሠሪው ስም። እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት ነው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። «ፉ» ወደ «ው» ሄደች፣ «ዚል» «ጅ» ላይ ቀረች፣ ሁለቱ ቃላት አንድ ሆኑ። ቀስ ብላችሁ ደጋግማችሁ በሉት፤ ለውጡ አፋችሁ ላይ ይሰማችኋል። መትረየስም ከፈረንሳይኛ «ሚትራዬዝ» የመጣ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ይበልጣል። ምንሽር ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጎፈሬውን ያጎፈረ አርበኛ ነው። ቃሉን ለዚያ ወታደር ብትሰጠው ተመልካቹ ሳያስበው አገር ይቀይራል። ስለዚህ ሰዎቹ ሲያወሩ «ጠመንጃ» በል። ማውዘር የምትለው በፊልሙ ውስጥ ስሙን ጠርተው ሲናገሩ ብቻ ነው።

ጠያቂው፦

አመሰግናለሁ፣ ጥሩ አድርገሽ አስረዳሽኝ። ግን ጠመንጃ ነው ወይስ ጠብመንጃ? ጓደኛዬ «ጠብ» እና «መንጃ» ነው ብሎ ይከራከራል።

ምላሽ፦

የጓደኛህ ፍቺ ጆሮ ይስባል፤ እኔም ልጅ ሳለሁ የተነገረኝ እሱ ነው። ግን ቃሉ ከውጭ የገባ ነው። በቱርክኛ «ታባንጃ» አለ፣ ዛሬ ሽጉጥ ማለት ነው፤ በዐረብኛም «ጠበንጃ» ይሉታል። በቀድሞ ጽሑፎቻችን «ጠበንጃ» ተብሎ ይገኛል። «በ» ወደ «መ» ሲለወጥ ጠመንጃ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰው ለባዕዱ ቃል የአማርኛ ትርጉም ሲፈልግለት «ጠብ መንጃ» መጣ። እኔ ጠመንጃ ብዬ ነው የምጽፈው።

ያያያዝከውን ጽሑፍ እንዳነበብኩት ሌላም የሚታረም አለው። «መኮንኑ ጠመንጃውን ከኪሱ አወጣ» ይላል። ጠመንጃ እንዴት ኪስ ይገባል? እንግሊዝኛ «ገን» የሚለውን አንድ ቃል ለሁሉም ስለሚጠቀም ነው እንዲህ የሆነው። የኛው ሽጉጥ እኮ ከነስሙ ነው፤ ሸጎጠ ከሚለው ነው የወጣው፣ ተሸጉጦ የሚያዝ። «ማስፈንጠሪያውን ጎተተ» የሚለውንም «ምላጩን ሳበ» በለው። ቃታ ሳበ ብትልም ማንም ይረዳሃል።

ጠያቂው፦

ልክ ነሽ፣ ሽጉጡን አላየሁትም ነበር። አንድ የመጨረሻ ነገር አለኝ። መጨረሻ ላይ መኮንኑ ልጅቷ ላይ አነጣጥሮ ምላጩን ይስባል። ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዛፉ ነው ያዳናት። ጓደኛዬ «መሣሪያው አልሠራም» ብሎ ጽፏል። ቀዘቀዘብኝ።

ምላሽ፦

ከሸፈ! ለዚያች ቅጽበት የተሠራ ቃል እያለን «አልሠራም» ምን ያደርጋል? ምላጩ ተስቦ ባሩዱ ሳይቀጣጠል ሲቀር ጥይቱ ከሸፈ ይባላል። ዛሬ ሴራ ከሸፈ፣ ዕቅድ ከሸፈ ስንል ጠመንጃው ከአእምሯችን ወጥቷል። በዚህ ፊልም ግን ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው፤ ጥይቱም ከሸፈ፣ የሰውየው ሐሳብም ከሸፈ። በአንድ ቃል ሁለቱንም ታገኛለህ።

ጠያቂው፦

ሦስቱን መስመሮች እንዲህ አስተካክዬ ለጓደኛዬ ልኬለታለሁ፦

«ጠመንጃህን ጣል!»
«ሽጉጡን ከወገቡ መዘዘ።»
«ከሸፈ!»