የፖል ዳንስ ቅንብሬ እንዳይቆራረጥ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ከልደታ)
ጤና ይስጥልኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በተከራየሁት ቤት ሳሎን ፖል (የሚደነስበትን ቀጥ ያለ የብረት ምሰሶ) ተክዬ መለማመድ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የሦስት ደቂቃ ቅንብር ከቪዲዮ አጥንቼ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ለብቻው ስሠራው ይሆንልኛል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያይዤ ስሠራው ግን ፊደል እየቆጠረ እንደሚያነብ ሕፃን እየቆምኩ እየቀጠልኩ እጨርሰዋለሁ። የፖሉ ውፍረት 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንዳይዞር ተቆልፎም፣ በራሱ እየዞረም ይሠራል። የቪዲዮውን ሙዚቃ በምወደው የአማርኛ ዘፈን ቀይሬዋለሁ። የምለማመደው ማለዳ ከሥራ በፊት ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ (ዳንስ አስተማሪ፣ ፒያሳ)
እንደ ገለጹት ከሆነ የጎደለው እንቅስቃሴው ሳይሆን መጋጠሚያው ነው። አብዛኞቻችን የምንለማመደው ፎቶ የሚያምርበትን አቋም ስለሆነ፣ ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ሳይጠና ይቀራል። ስለዚህ ሁለት እንቅስቃሴዎችን ብቻ ይምረጡና የመጀመሪያውን መጨረሻና የሁለተኛውን መጀመሪያ፣ ሙዚቃ ሳይከፍቱ፣ በግማሽ ፍጥነት ደጋግመው ይሥሩ። ጉልበት በሚጠይቀው ቦታ ላይ ትንፋሽዎን ያውጡ እንጂ አያፍኑ፤ ትንፋሽ ሲታፈን ትከሻም አብሮ ይደርቃል። ፖሉ በሚዞርበት ጊዜ ደግሞ ገላ ከብረቱ ሲርቅ ዙሩ ይዘገያል፣ ወደ ብረቱ ሲሰበሰብ ይፈጥናል፤ ይህን ካወቁ ፍጥነቱን በጉልበት ሳይሆን በእግርዎ አዘረጋግ ይገዙታል። ተቆልፎ ሲሠሩ ግን ዙሩን የሚሰጥዎ ከፖሉ የራቀው የውጭው እግርዎ ውርወራ ስለሆነ እሱን አይቆጥቡት።

መልስ (ከአራት ኪሎ)
በዚህ ላይ የምጨምረው ስለ ዘፈኑ ነው። ከቪዲዮ የሚጠኑ ቅንብሮች በአብዛኛው በስምንት ቆጠራ የተሠሩ ናቸው፤ ብዙ የአማርኛ ዘፈኖች የሚሄዱበት የችክችካ ምት ግን በስድስት ይቆጠራል። የእርስዎም ዘፈን ችክችካ ከሆነ፣ በስምንት የተሠፋው እንቅስቃሴ ምቱ ሳያልቅ ያልቃል ወይም ካለቀ በኋላ ይደርሳል፤ እርስዎም ምቱን ለመጠበቅ ይቆማሉ። ወይ ዘፈኑን ይቀይሩ፣ ወይ ቅንብሩን በስድስት ቆጥረው እንደ አዲስ ያከፋፍሉት። እስክስታ የሚወርድ ሰው አንገቱ ሳያርፍ ትከሻው እንደሚቀጥል አስተውለው ያውቃሉ? ፖል ላይም የሚቀጥለው እንቅስቃሴ መጀመር ያለበት ያለፈው ሳይጨርስ ነው።

መልስ (ከካዛንቺስ)
ሁለቱም ምክሮች መልካም ናቸው፤ እኔ ግን አስቀድመው ራስዎን በስልክ ቀርጸው የት የት እንደሚቆሙ ይመልከቱ እላለሁ። እጁ የሚንሸራተትበት ሰው ሳያስበው ይፈራል፣ የፈራ ሰው ደግሞ ከመያዙ በፊት ይቆማል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ማለዳዋ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ብረትና ቀዝቃዛ ቆዳ ደግሞ በደንብ አይያያዙም። አሥራ አምስት ደቂቃ ገላዎን አሟሙቀው፣ ብረቱን አልኮል በነካ ጨርቅ ወልውለው ይጀምሩ፤ በልምምድ ቀን ቅባት አይቀቡ። ከርእሱ ልውጣና፣ ፖልዎ በወለልና በጣሪያ መካከል ተወጥሮ የሚቆም ዓይነት ከሆነ ጫፉ ያረፈው በኮንክሪቱ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የጂፕሰም ኮርኒስ ሰው አይችልም።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጣሪያው ኮንክሪት ነው። ትናንት ቀርጬ ስመለከት የቆምኩት አራት ቦታ ላይ ሲሆን፣ ሦስቱ ግራ እጄ ብረቱን ሊይዝ ሲል ነው። ለካ ማታ ማታ እጄን ቫዝሊን እቀባ ነበር! አራተኛው ግን በትክክል ምቱ የሚያልቅበት ቦታ ነው፤ ዘፈኑም ችክችካ ነው።

መልስ (ዳንስ አስተማሪ፣ ፒያሳ)
እንግዲያው ቫዝሊኑን ከተዉ በኋላም ግራው ካልተስተካከለ ቅባቱ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ቀኝ ላይ ብቻ መለማመድ የሁላችንም አመል ነው። ለሁለት ሳምንት ልምምዱን ሁልጊዜ በግራ ይጀምሩ፣ ለቀኝ አንድ ጊዜ ሲሠሩ ለግራ ሁለት ጊዜ ይሥሩ፣ ከሥርም ወፍራም ፍራሽ ያንጥፉ። ዘፈኑን መቀየሩን እስከዚያ ያቆዩት።