የ16 ዓመት ልጅ ለቤዝቦል ቡድን የሚፈርመው እንዴት ነው? ገንዘቡንስ ማን ይወስደዋል?

የማርቆሱ መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ለፋሲካ ከአሜሪካ የመጣው ታላቅ ወንድሜ፣ የቤዝቦል ቡድኖች ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከቬኔዙዌላ የ16 ዓመት ልጆችን በሚሊዮን ዶላር እንደሚያስፈርሙ ቡና ላይ ሲያወራ ማናችንም አላመንነውም። ጨዋታውን እዚህ የሚያውቀው የለም፤ እኛ ዘንድ የሚቀርበው ነገር ቢኖር ለገና ሩር መለጋት ነው። ለመሆኑ ሕጉ ይህን እንዴት ይፈቅዳል? የምጠይቀው ለወሬ ያህል ብቻ አይደለም። ወደ ሜዳችን የሚመላለስ አንድ ሰው፣ እግር ኳስ የሚጫወቱ የ15 ዓመት ተማሪዎቼን ወደ ውጭ አገር ወስዶ እንደሚያስፈርማቸው እየነገረ ከወላጆቻቸው የጉዞ ገንዘብ በመጠየቅ ላይ ነው፤ በሬ ሸጠው ሊሰጡት ያሰቡም አሉ።

ከባሕር ዳር፦
ወንድምዎ የነገሩዎት እውነት ነው። በአሜሪካ፣ በካናዳና በፖርቶ ሪኮ የሚኖሩ ወጣቶች ወደ ሙያው የሚገቡት ቡድኖቹ በየዓመቱ ተራ በተራ በሚያካሂዱት ምርጫ ስለሆነ፣ ልጁ የሚሄድበትን ቡድን አይመርጥም። ከእነዚህ አገሮች ውጭ ያለ ልጅ ግን 16 ዓመት ከሞላው ከተስማማው ቡድን ጋር በቀጥታ መፈራረም ይችላል። የፊርማው ወቅት በየዓመቱ ጃንዋሪ 15፣ በእኛ ጥር 7 ገደማ፣ ይከፈታል።

እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ እያንዳንዱ ቡድን ለእነዚህ ልጆች የሚያወጣው የፊርማ ገንዘብ ሊታለፍ የማይችል ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ ሆኖም 10,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ ክፍያ ከጣሪያው አይቆጠርም። በእኔ አስተያየት የነገሩ ምሥጢር ያለው በዚህች ቀዳዳ ነው፤ ቡድኑ ለአንድ ወይም ለሁለት ልጆች አብዛኛውን ገንዘብ ካፈሰሰ በኋላ ሌሎቹን በርካሽ ሰብስቦ ዕድሉን ይሞክርባቸዋል። የዋናው የቤዝቦል ሊግ ሠላሳዎቹም ቡድኖች በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ማሠልጠኛ ያላቸው በከንቱ አይደለም። ርካሹም አንዳንድ ጊዜ ከውዱ ይበልጣል፦ ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ የተናቀው ቬኔዙዌላዊው ሆዜ አልቱቬ በ2007 በ15,000 ዶላር ፈርሞ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ተጫዋች ሆኗል። ከውዶቹ ደግሞ በ2015 በ1.5 ሚሊዮን ዶላር የፈረመው ሁዋን ሶቶ በ2024 መጨረሻ የ15 ዓመት፣ የ765 ሚሊዮን ዶላር ውል አግኝቷል። ወሬያቸው እስከ እኛ የሚደርሰው የእነዚህ ብቻ ነው፤ ትምህርታቸውን አቋርጠው ፈርመው፣ ሃያ ዓመት ሲሞላቸው ወደ መንደራቸው የተሸኙት ግን እጅግ ይበዛሉ።

ከአፍሪካም የሞከረ አለ። ደቡብ አፍሪካዊው ጊፍት ንጎፔ በ2008 ከፒትስበርግ ፓይሬትስ ጋር ፈርሞ፣ በዋናው ሊግ በመጫወት የመጀመሪያው የአፍሪካ ተወላጅ የሆነው በ2017 ነው። ቡድኑ ካስፈረመው በኋላ እንኳ ስምንት ዓመት ተኩል ጠብቋል ማለት ነው።

የቀድሞ የቅኔ ተማሪ፦
ልጅ በ12 ዓመቱ ከእናቱ ተለይቶ መምህር ፍለጋ መሄዱ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እኔም አኮፋዳዬን ይዤ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ ለምኜ፣ ውሻ እየተከላከልሁ ነው ቅኔ የተማርሁት። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ‘ቡስኮን’ የሚባለው ሰው አሠልጣኝም ደላላም ነው፤ ልጁን በ12 ወይም በ13 ዓመቱ ተረክቦ ያበላዋል፣ ያሳድረዋል፣ ያሠለጥነዋል። እስከዚህ ድረስ ከእኛው ጉባኤ ቤት ጋር ይመሳሰላል። የኔታ ግን ደቀ መዝሙሩ ወደፊት በሚያገኘው ሀብት ላይ ድርሻ አልነበራቸውም፤ ቡስኮኑ ከፊርማው ገንዘብ ብዙ ጊዜ 30 በመቶ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያነሣል። ከዚህ የተነሣ ዋጋው በቃል የሚቆረጠው ሕጉ ከሚፈቅደው ዕድሜ ብዙ ቀደም ብሎ ነው፤ ቡድኑ በመካከል ሐሳቡን ቢለውጥ በልጁ እጅ የሚከራከርበት ወረቀት የለም። ቡስኮኑን ጨርሼ አልኮንነውም፤ ሌላ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን የድሃ ልጅ ለዓመታት የሚቀልበው እርሱ ነው።

የማርቆሱ መምህር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜውንስ በምን ያረጋግጣሉ? በአገራችን መደበኛው የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ ከተማሪዎቼ መካከል እናቱ “በእገሌ ሠርግ ማግሥት ነው የወለድሁት” ከምትለው በቀር ማስረጃ የሌለው ብዙ ነው።

ከባሕር ዳር፦
እዚያም የተቸገሩበት ነገር ነው። ከ19 ዓመት ልጅ ይልቅ የ16 ዓመቱ በብዙ እጥፍ ስለሚፈለግ፣ ዕድሜ መቀነስ ትልቅ ገንዘብ ያመጣል። ፋውስቶ ካርሞና በሚል ስም ለክሊቭላንድ ለዓመታት የተጫወተው ኳስ ወርዋሪ፣ በጃንዋሪ 2012 ሳንቶ ዶሚንጎ ውስጥ ሲያዝ እውነተኛ ስሙ ሮቤርቶ ሄርናንዴዝ፣ ዕድሜውም ከሚታወቀው በሦስት ዓመት የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ ሊጉ ውሉን ከማጽደቁ በፊት የልጁን ማንነትና ዕድሜ ያስመረምራል።

ስለ ተማሪዎችዎ ግን የቤዝቦሉ ሕግ አይሠራም። የፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል፤ የተፈቀዱት ሁኔታዎች ጥቂት ሲሆኑ፣ አንደኛው ወላጆቹ ከእግር ኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ኑሯቸውን ወደዚያ አገር ሲለውጡ ነው። ባርሴሎናን የሚያህል ቡድን እንኳ ይህን ደንብ በመጣሱ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሁለት የዝውውር ወቅቶች እንዳያስፈርም ተቀጥቷል። ደግሞም በቤዝቦሉ ገበያ፣ ክፉ ጎኑ ብዙ ቢሆንም፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከቡድኑ ወደ ልጁ ነው፤ የእርስዎ ሰው የሚጠይቀው በተቃራኒው ነው። የትኛው ቡድን እንደ ላከው በጽሑፍ እንዲያሳይ ይጠይቁት።

የማርቆሱ መምህር፦
ዛሬ ጠየቅሁት፤ “ደብዳቤው አዲስ አበባ ነው” አለኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆቹን ሰብስቤ የአንቀጹን ነገር አስረዳቸዋለሁ። አንደኛው አባት ግን ቀብድ ከፍለው ቆይተውኛል፤ ደረሰኝ ተቀብለው እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ “ልጄን ለሚወስድ ሰው ደረሰኝ ስጠኝ ይባላል እንዴ?” አሉኝ።