አቡነ ዮሴፍ ተራራ ለጀማሪ ይሆናል?

ጠያቂው (ደሴ)፦ ሰላም ጀማዓ። ከጓደኞቼ ጋር ከላሊበላ ተነስተን አቡነ ዮሴፍ ላይ በድንኳን ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። 34 ዓመቴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ስፖርት የምላት ከፒያሳ ሆጤ በእግር መሄድን ነው። ዕቃ አዝዬ ተጉዤ አላውቅም። እውነት ይከብደኛል ወይስ ፈርቼ ነው?

የጦሳ ጎረቤት፦ አብሽር ወንድሜ። ደሴ ተቀምጦ መለማመጃ ይጠፋል? ጦሳ ተራራ ከራስህ በላይ ቆሞልሃል። ቅዳሜ አራት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ ቦርሳህ ውስጥ ክተት። ስምንት ኪሎ ሆነ ማለት ነው። እሱን አዝለህ ውጣ። እየወጣህ ማውራት ከቻልክ ጥሩ ነው። ዋናው ፈተና ግን መውረዱ ነው፤ እሑድ ጠዋት ጉልበትህ ምን እንደሚል ስማው። በማግስቱ መራመድ ካቃተህ ሦስት ቀን አትመኝ።

ወጥቼ ያየሁት፦ ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ጫፉ ከ4,200 ያልፋል። እኔን የሸወደኝ ኪሎ ሜትሩ ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት አንድ ሰዓት ጨምርበት። 10 ኪሎ ሜትር ሆኖ 1,200 ሜትር የሚያስወጣ መንገድ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም ሳታርፍ። ብርዱን አታንሱት። ሲነጋ ሃይላንዴ ውስጥ በረዶ ተጋግሮ አገኘሁ። ደግሞ ጅባራው መሃል ጭላዳዎች ፀሐይ ሲሞቁ ሳይ ሁሉንም ረሳሁት። ለማንኛውም በቅሎ ከነነጂው ተከራዩ።

ቆራጡ፦ ምን ታካብዳላችሁ! የላስታ እናቶች እንጨት ተሸክመው ዳገቱን ይወጡት የለ እንዴ?

ነርሷ፦ እነሱ እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ እሱ ያደገው ወንበር ላይ ነው 😄 ቀልዱን ትተን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የዛሬው ማደሪያችሁ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ የከፍታ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ወደ ላይ አንድ እርምጃ አይኬድም። ከባሰ ወይም ሰውየው መንገዳገድ ከጀመረ፣ ሌሊትም ቢሆን ይውረድ። ሻይ ጠጥቼ ይሻለኛል እያሉ መጠበቅ አይሠራም።

የጦሳ ጎረቤት፦ በመጀመሪያ ከላሊበላ በላይ ያለው ገዳም፣ አሸተን ማርያም ደርሰህ ተመለስ። እሱም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ግን ማታ ላሊበላ አልጋህ ላይ ትተኛለህ። ከጥቅምት እስከ ጥር ይሻላል፤ መጋቢትና ሚያዝያ በልግ ከዘነበ ጭቃ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

ጠያቂው፦ ቅዳሜ ሞከርኩት። የጦሳ ወገብ ላይ ሁለቱን ሃይላንድ ለእረኞች ሰጠሁ። ማንገቻው ትከሻዬን ልጦታል። እሑድ ደረጃ የወረድኩት በጎኔ ነው። ጓደኞቼ ስቀው ሲጨርሱ አሸተንን ለጥቅምት ያዝነው። ላሊበላ በቅሎ የሚያከራይ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።